ዕድገቱ ወሎ ሲደርስ መጀመሪያ ዋጋ ሆኖ ነው

መንግሥት ኢኮኖሚው በ2017 በጀት ዓመት በ9.2 በመቶ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ በ8.1 በመቶ ማደጉን አስታውቋል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጊዜ በይፋዊ አኃዝ ብቻ ለሚመለከት ሰው፣ ኢትዮጵያ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ከዓለም ፈጣን ኢኮኖሚዎች ተርታ ስትጠራ ኖራለች። ቁጥሩን የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች አሉ። እኔ እዚህ ከቁጥሩ ጋር አልከራከርም፤ እንዳለ ተቀብዬው ሌላ ጥያቄ አነሳለሁ። ይህ ዕድገት ወሎ የሚገባው በየትኛው በር ነው? ለጋምቦ ላይ ገብስ የሚዘራ ገበሬ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ወጣት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ሸክም ተሸክሞ የሚያድር ሰው ከዕድገቱ ቀድሞ የሚደርሳቸው የትኛው ወገኑ ነው?

ዋጋው ነው። ገቢው ቆይቶ ይመጣል፣ ለአንዳንዱም ጭራሽ አይመጣም። የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የቤት ኪራዩና የትራንስፖርቱ ዋጋ ግን ማንንም አይዘልም። ለድሃው የቆመው የድጋፍ ሥርዓት ደግሞ የተሠራው ድርቅን ለመመከት ነው። ዋጋን ለመመከት አልተሠራም፤ ክርክሬም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1965 እና 1966 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ያኔ የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የአገሪቱ አጠቃላይ የእህል ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ብቻ ነበር። ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ መርምሮ ያገኘው ነገር ዛሬም ያስደነግጣል፦ ዋጋው እምብዛም አልተወደደም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበር ጽፏል። ማሳው የደረቀበት ገበሬ፣ ጭሰኛው፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። የሚሸጠው የሌለው አይገዛም፤ የማይገዛ ሰው ረሃብም በገበያ ዋጋ ላይ አይታይም። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ ገበያው ሰላም ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አሁን ዋጋው ይንራል፤ የሚያንረው ግን የወሎ ድሃ ፍላጎት አይደለም። የቆቦ ጤፍ፣ የቃሉ ማሾ፣ የጊራና ሽንኩርት ከአዲስ አበባ በሚመጣ ገንዘብ ይገዛል። የኮምቦልቻ የቤት ኪራይ ከፋብሪካው፣ ከደረቅ ወደቡና ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው መንገድ ጋር አብሮ ይወጣል። የሐይቅና የመርሳ ቦታ ከዓረብ ሀገር በሚላክ ሪያል ይሸጣል። የአንዱ ገቢ ለሌላው ወጪ ሆኖ ይመጣበታል ማለት ነው። በ1966 ዓ.ም. ገበያው የድሃውን ድምፅ አልሰማም፤ ዛሬ ድሃው ባለገንዘቡ በገበያ የሚጠራውን ዋጋ በግዱ ይሰማል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በመንግሥት የቤተሰብ ፍጆታ ጥናቶች መሠረት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 38.7 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 በመቶ ነበር። ትልቅ ለውጥ ነው፤ መካድም ነውር ነው። የዓለም ባንክ በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የድህነት ግምገማ ግን ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት፣ አማካዩ እንዲህ ሲሻሻል፣ ከታች ያለው 15 በመቶ ሕዝብ ኑሮው እንደከፋበት አሳይቷል። ዋናው ምክንያትም የምግብ ዋጋ መናር ነበር። ድህነት በዘጠኝ ነጥብ ወረደ ተብሎ በተነገረበት ጊዜ፣ ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆነው ቁልቁል ሄዷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ የፍጆታ ልዩነትን የሚለካው የጂኒ መለኪያ ከ0.298 ወደ 0.328 ከፍ ብሏል፤ ልዩነቱ ሰፋ ማለት ነው። ቁጥሩ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች አንፃር ዝቅተኛ ነው ተብሎ መጽናኛ ይደረጋል። እኔ ግን እምብዛም አልጽናናበትም፤ በእንዲህ ያለ የፍጆታ ጥናት ላይ የባለጸጋው ቤት በር ሁልጊዜ በቀላሉ አይከፈትም፣ ቢከፈትም ሁሉን አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። የወሎ ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ነው፤ እህል ሲወደድ ገበሬ ይጠቀማል እንጂ ለምን ይጎዳል? ተቃውሞው ለቆቦ ሜዳ ባለመስኖ ይሠራል። ለግዳን፣ ለመቄት፣ ለለጋምቦና ለተንታ ደጋ አይሠራም። እዚያ የቤተሰብ ማሳ ትንሽ ነው፣ በየትውልዱም እየተሸነሸነ ሄዷል፤ መሬት ከተደለደለ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት ከአባቱ ማሳ ከሚቆረስለት ድርሻ በቀር የራሴ የሚለው የለውም። ገበሬው ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ሁሉም በሚሸጥበት ሰዓት፣ ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ሲል በርካሽ ይሸጣል። ሰኔ ሲገባ ጎተራው ባዶ ይሆንና ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። በዓመት ውስጥ ከሸጠው የገዛው ይበልጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው የእህል መወደድ እንደ ከተማው ችጋረኛ ሁሉ በላዩ ላይ የሚወርድ ዱላ ነው፤ በሬ ይዞ ከሆነ በሬውን፣ በግ ይዞ ከሆነ በጉን ነጥቆት ይሄዳል።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የመጣው ለዚህ ሰው ነው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ጥሩ ነበር፦ በየዓመቱ እርዳታ ፍለጋ እጅ ከመዘርጋት፣ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለበት ቤተሰብ አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ መስጠት፤ መሥራት የሚችለው እርከንና ተፋሰስ ይሥራ፣ የማይችለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ ያግኝ። በዓመታት ውስጥ ተጠቃሚዎቹ ወደ 8 ሚሊዮን ደርሰዋል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ሲፈልግ የ1977 ዓ.ም. ዓይነት እልቂት ያልተደገመው በከፊል ይህ ሥርዓት ስለነበረ ነው። (በዚያው ዓመት ኢኮኖሚው 8 በመቶ ያህል አደገ ተብሏል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ታትመው አይቼ አላውቅም።)

ችግሩ የጀመረው በገንዘብ በሚከፈለው ላይ ነው። መጀመሪያ የቀን ሒሳቡ 6 ብር ነበር፤ 6 ብር ያኔ 3 ኪሎ እህል ይገዛ ነበርና ሒሳቡ የተሠራው በዚያ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። ክፍያው በ2000 ዓ.ም. 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. 10 ብር ተደረገ፤ ገበያው ግን ጥሎት ሄዷል። በዚያን ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃሚዎች ገንዘቡን ትተው እህል ይሰጠን ማለት መጀመራቸውን መዝግበዋል። ገንዘብ ለሰው ነፃነት ይሰጣል የሚለውን የባለሙያዎች ክርክር አውቀዋለሁ፣ በመርህ ደረጃም እስማማበታለሁ። ነገር ግን ዋጋ በሚሮጥበት አገር በብር የተወሰነ ድጋፍ በየወሩ እየሟሸሸ የሚሄድ ድጋፍ ነው፤ እህል ስጡን ያለው ገበሬ ከባለሙያው ይልቅ ኢኮኖሚውን ያውቀው ነበር። ኋላ የክፍያው መጠን በየዓመቱ በዋጋ ጥናት እንዲከለስ ተደርጓል፤ ሆኖም ጥናት ተጠንቶ፣ በጀት ጸድቆ፣ ክፍያ ዘግይቶ ወረዳ እስኪደርስ ገበያው ሌላ ዋጋ ላይ ነው።

ሌላም ወሎን በተለይ የሚመለከት ጉድለት አለ። የሕዝባዊ ሥራው ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ ገበሬው ሥራ የሚፈታበት ወቅት ነው ተብሎ። ለመኸር አምራች እውነት ነው። የወሎ ደጋ ግን የበልግ አገር ነው፤ የካቲትና መጋቢት ዝናብ ጠብ ሲል ማረስና መዝራት ያለበት ሰው እርከን ሲሠራ ይውላል፣ ወይም እርሻውን መርጦ ክፍያውን ያጣል። አዲስ አበባ ላይ የተሳለ የጊዜ ሰሌዳ የግዳንን ሰማይ አያውቅም።

ወደ ከተማ እንውረድ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 75 ሄክታር ላይ በ90 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ፣ ወሎን ከእርዳታ ወደ ደመወዝ ያሻግራል የተባለለት ነበር። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድም በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሯል። ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡሩ ሥራ አልጀመረም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ፓርኩ ሥራ ፈጥሯል፣ ይህ አይካድም። ግን በምን ደመወዝ? በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም ጥናቱ ካያቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ገልጿል። በዚያ ደመወዝ ከገጠር የመጣች ልጅ ኪራይ ከፍላ መብላት አትችልም፤ ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ሆነው ይኖራሉ፣ ወይም ወላጆች ስንቅ ይልካሉ። የገጠሩ ድሃ ለውጭ ገበያ የሚላክ ልብስ የምትሰፋ ልጁን ይቀልባል። ማን ማንን እየደጎመ እንደሆነ ማየት ነው።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወስን መንገድ ከፍቷል። ለግሉ ዘርፍ ግን ወለሉ እስካሁን አልተቆረጠም። መስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ጭማሪው ለደሴ መምህርና ነርስ የሚገባቸው ነው፣ ያነሰ እንጂ የበዛ አይደለም። የቀን ሠራተኛው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ በሰው ቤት የምታገለግለው ግን የደመወዝ ጭማሪው ወሬ በተሰማ ማግስት የጨመረውን ዋጋ ብቻ ተካፈሉ። በግል ድርጅት ጡረታ የተሸፈነው ሠራተኛ 7 በመቶ ከራሱ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይቆረጥለታል፤ ይህም ቅጥር ላላቸው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ኮምቦልቻና ደሴ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይተው ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ በታኅሣሥ ወር አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ሥራቸውን ያጡት ሠራተኞች የሚወድቁበት የሥራ አጥነት መድን አልነበረም። አሁንም የለም።

ወሎ ውስጥ አዲሱን የሀብት ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን ፋብሪካው ወይም መሬቱ ሳይሆን ሪያሉ ይመስለኛል። ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ፣ ከሐብሩ፣ ከወረባቦና ከራያ ቆቦ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ያልተሰደደ ሰው የሌለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር አውሮፕላኑ ካወረዳቸው ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ጉዞው አልቆመም። አሁን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበትን ቀን እናስብ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዓመት በኋላ 130ን አልፏል። ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነውና አብሮ ወጣ። ልጇ ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ በወር 1,000 ሪያል የምትልክላት እናት በባንክ የምትቀበለው 15,000 ብር ገደማ የነበረው ከ34,000 ብር በላይ ሆኗል። በአጥሯ ማዶ ያለችው፣ ሰው ያልላከችው ጎረቤቷ፣ ከዚያ ውሳኔ የደረሳት የዘይትና የማዳበሪያ ጭማሪ ነው።

ስሌቱን እንዳለ መውሰድ ግን ልክ አይሆንም። ከውሳኔው በፊትም አብዛኛው ገንዘብ በሐዋላ፣ በጥቁር ገበያ ዋጋ ይገባ ስለነበር የተቀባዩ ትርፍ ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ያህል አይደለም። ልዩነቱ ግን እውነት ነው፣ ሥሩም ጠልቋል። ምክንያቱም ለመሰደድም ገንዘብ ያስፈልጋል። በጅቡቲና በየመን በኩል የሚወስደው ደላላ በነፃ አይወስድም፤ ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ያከራያል፣ ይበደራል። በሬ የሌለው ልጁን አይልክም፣ ወይም ሲልክ በዕዳ አሥሮ ይልካል። የተሳካለት ሐይቅ ላይ ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፤ የቦታው ዋጋ ሲወጣ የአገሬው መምህር እንኳ እዚያ ቤት የመሥራት ሐሳቡን ይተዋል። ይህን የማወራው የላኩትን ለመውቀስ አይደለም። መንግሥት ያላደረገውን ማኅበራዊ ዋስትና እነዚያ ሴቶች በሰው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው እየከፈሉት ነው።

እንግዲህ ድጋፉ ማንን ያገኛል? የገጠሩ ሴፍቲኔት ኮታ አለው። ቀበሌው ውስጥ ሦስት መቶ ችጋረኛ ቤተሰብ ቢኖርና ኮታው ለመቶ ቢሆን፣ ሁለት መቶው ለምን እንደተተወ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያስረዳውም ከእነርሱ ጋር ሐዘንና ሠርግ የሚውለው የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ የመጣው ለሁሉም ተሸንሽኖ ይሰጣል፣ ወይም ለስድስት ሰው የተመደበው ለአሥር ይከፈላል። የፕሮግራሙ ሰነድ ይህን እንደ ጥሰት ያየዋል። በእኔ አስተያየት ግን መንደሩ የኮታውን ስህተት በራሱ መንገድ ማረሙ ነው፤ ውጤቱ ማንም ከድህነት እንዳይወጣ የሚያደርግ ቢሆንም፣ ነገ ጎረቤቱን ቀና ብሎ ማየት ላለበት ሰው ሌላ ምርጫ የለም። ከዚያ ደግሞ የምርቃት ወቅት ይመጣል። አንድ ሁለት ጥሩ ዓመት ያየ ቤተሰብ ተመረቀ ተብሎ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ በሦስተኛው ዓመት በልጉ ሲቀር ተመልሶ የሚገባበት በር ጠባብ ነው።

በከተማ በኩል በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከያዛቸው 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። መንገድ የሚጠርጉት፣ አረንጓዴ ቦታ የሚያለሙት ሴቶች የዚህ ፕሮግራም ሰዎች ናቸው፤ ከክፍያቸው ከፊሉን እንዲቆጥቡ፣ ከዚያም መነሻ ካፒታል ይዘው ወደ ንግድ እንዲገቡ ታስቦ ነው። ጦርነት፣ ከዚያ የቀጠለው የክልሉ ግጭት፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ሐይቅ አጠገብ ጃሪ መጠለያ የቆዩ ወገኖች በተጨመሩበት ከተማ ይህ ምን ያህል እንደሚሸከም መገመት ነው። ተፈናቃዩ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌለው የከተማው ዝርዝር አያውቀውም፣ የገጠሩም አያውቀውም።

የቀረውን የሚሞላው ቅሬ፣ የወሎ እድር፣ ነው። ወሎ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተሰብስቦ ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል። ዘካውም፣ ሰደቃውም፣ የደብሩ ምፅዋትም አለ። ይህን ሁሉ እያነሳን ወሎ በመተሳሰብ ይኖራል ብለን ስንኮራ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅሬ የሚሸፍነው ሞትን ነው፤ ሥራ ማጣትን፣ የኪራይ ጭማሪን አይሸፍንም። መዋጮ አለው፣ መዋጮውም ከኑሮው ጋር ይጨምራል፤ ከቅሬ መውጣት በወሎ ከሰው ተራ እንደመውጣት ስለሚቆጠር ድሃው ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ይከፍላል። ባለሥልጣን የሕዝባችን የመረዳዳት ባህል ባለ ቁጥር እኔ የበጀት መስመሩን እፈልጋለሁ።

የተሳካ ነገር ካለ ተሁለደሬ ላይ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ተሁለደሬ ከእነርሱ አንዱ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሚችለው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው ለድሃ ድሃው ክልሉና ወረዳው ይከፍላሉ። ሰው ለሕክምና ሲል በሬውን ከመሸጥ የዳነበት አሠራር ነው። ዛሬ የሚያማርረው አባል ስለ መድኑ አይደለም የሚያማርረው፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ ስለሚለው ነው። ምንዛሪው ሲለወጥ የመድኃኒቱም ዋጋ ተለውጧል። እዚህም ዋጋ መጥቶ ጥሩውን አሠራር ከበታች እየቦረቦረው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በአብዛኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት መንግሥት አቅም በፈቀደ እንክብካቤ እንዲያደርግ ይላል፤ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲውም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አቅም በፈቀደ የሚለው ሐረግ ሦስት አሥርት ዓመት አገልግሏል፤ ኢኮኖሚው በ9.2 በመቶ ካደገ ግን አቅሙ ፈቅዷል ማለት ነው፣ ካልፈቀደ ደግሞ ዕድገቱ የት እንደሄደ ይነገረን። የሴፍቲኔት ክፍያ ከጥናት ሪፖርት ይልቅ ከወረዳው ገበያ የእህል ዋጋ ጋር በቀጥታ ቢታሰር፣ ክፍያውም በወቅቱ ባይደርስ ልዩነቱ ቢካካስ ብዙ ይለወጣል። የበልግ ወረዳዎች የሥራ ጊዜያቸውን ራሳቸው ይወስኑ። ለዚህ አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ደመወዝተኛው ድሃም ይታሰብ። ግብር የማይከፈልበት የደመወዝ መጠን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ 600 ብር ላይ ቆሞ ዋጋው ስንት እጥፍ ከሄደ በኋላ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ 2,000 ብር ተደርጓል። ከዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ዛሬም ገቢ ግብር ከፋይ ናት። ሐይቅ ላይና ደሴ ላይ ዋጋው በሌላው ገንዘብ ከተተኮሰ ቦታ ግን ያን ያህል አይሰበሰብም።

ሴፍቲኔቱ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በአብዛኛው የቆመው በለጋሾች ገንዘብ ነው። ከእነርሱ አንዱ የነበረው የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ በጀት ሲጸድቅ የዕድገቱን መቶኛ ከማየት በፊት አንድ መስመር መፈለግ ይጠቅማል፦ ከአገሪቱ የራሷ ግምጃ ቤት ለሴፍቲኔት የተመደበው ስንት ነው፣ ያም ብር በሚቀጥለው ነሐሴ ደሴ ገበያ ላይ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል።